ያረጀ ቤጎኒያን ስለ ማደስና ስለ ማባዛት

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



መሐንዲስ በሙያው የሚጠየቀው ስለ ድልድይ፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመርና ስለ ውኃ ቧንቧ ነው። በመስኮት ደፍ ላይ ስለ ተቀመጠ የአበባ ጣሳ ምክር የሚጠይቀው ሰው እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ በጣሳው ውስጥ ያለው ተክል ውኃ የሚስብ፣ እንፋሎት የሚያስወጣ፣ ጨው የሚያጠራቅምና ከጊዜ ብዛት የሚደፈን ሥርዓት እንደመሆኑ መጠን፣ የጥገና ሙያ የሚጠይቀው ማስተዋል በእርሱም ላይ ሊፈተን ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ያረጀና የተዘነጋ ቤጎኒያ በአዳማ አየርና ውኃ እንዴት ሊታደስና ሊባዛ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የታሰበ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ስትሰረዝ፣ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ፓርኮች ይሠሩ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ የሥራ ትእዛዝ ቀነሰባቸው፤ ለቀው የወጡም ነበሩ። አንድ ድርጅት ከሼዱ ሲወጣ ማሽኑ ይጫናል፤ ጠረጴዛውና ወንበሩ ይቆጠራል። በማንኛውም የንብረት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ፣ ተጭኖም የማይሄድ ነገር ግን ይኖራል።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ሁኔታ ይታሰብ። አንዲት የስፌት ሠራተኛ ከእናቷ ቤት ቆርጣ ያመጣችው ቤጎኒያ በዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ በሼዱ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ አድጓል። ሠራተኛዪቱ ሥራው ሲቆም ወደ አገሯ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ተክሉን በሕይወት ያቆዩት የበሩ ዘበኛ ናቸው፤ ከሚጠጡት ውኃ የተረፈውን ባሰቡ ቁጥር ያፈሱበታል። ግንዱ ከአንድ ሜትር በላይ ተመዝዟል፤ ታችኛው ክፍል ራቁቱን ቀርቷል፤ ከጫፉ ላይ አራት አምስት ቅጠል ብቻ ተንጠልጥሏል። የአፈሩ ገጽ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ውኃ ጠምቶታል» ብሎ ውኃ ይጨምራል። ተክሉን የሚገድለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ደግነት ነው።

1. የተክሉ አመጣጥና ጠባይ

ቤጎኒያ የሚለው ስም የተሰጠው ለሚሼል ቤጎን መታሰቢያ ነው። ቤጎን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት ሹም የነበረና የዕፅዋትን ጥናት የሚደግፍ ሰው ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት መነኩሴና የዕፅዋት ተመራማሪ የነበረው ሻርል ፕሉምዬ ነው። ሊኔ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፉ ስሙን አጸናው። ዛሬ ከ2,000 በላይ የቤጎኒያ ዝርያዎች የታወቁ ሲሆን፣ የትውልድ አገራቸውም የአሜሪካ፣ የአፍሪካና የእስያ ሞቃት አገሮች ነው። አብዛኞቹ የሚበቅሉት በደን ጥላ ሥር፣ በእርጥብ ቋጥኝና በወንዝ ዳር ነው።

ለቤት ውስጥ የሚያገለግሉት በግንዳቸው ጠባይ በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው አገዳማው ነው፤ እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ ያለው ቀጥ ያለ ግንድና እንደ ክንፍ ወደ ጎን የተዘረጋ ቅጠል አለው። ሁለተኛው ግንዱ በአፈር ገጽ ላይ ተጋድሞ የሚሄደው ሲሆን፣ በቅጠሉ ኅብረ ቀለም የታወቀው ቤጎኒያ ሬክስ ከዚህ ወገን ነው። ይህ ተክል እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ከህንድ አገር ከአሳም ወደ አውሮፓ የደረሰ ነው። ሦስተኛው እንደ ድንች ያለ ኮረት የሚያበጅና በየዓመቱ የሚያርፍ ነው። እያንዳንዱ ወገን የሚባዛበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ፣ ምላጭ ከማንሣት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ከዚህም ጋር አንድ ዐቢይ ነገር መታወቅ አለበት። በቤት ውስጥ ከሚገኙት ቤጎኒያዎች ብዙዎቹ በአትክልተኞች እጅ የተዳቀሉ ናቸው። የተዳቀለ ተክል ዘር ቢያፈራ እንኳ ከዘሩ የሚበቅለው ወላጁን አይመስልም፤ ዘር የማይሰጡም አሉ። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በፊት የተዳቀለ ቤጎኒያ ዛሬ በአንድ መስኮት ላይ ቢገኝ፣ የተገኘው የዚያው አንድ ተክል አካል እየተቆረጠ ከእጅ ወደ እጅ በመተላለፉ ነው። በአንድ ቦታ የቀረው የመጨረሻው ግንድ ሲደርቅ ያ ተክል ለዚያ ቤተሰብ ለዘለዓለም ይጠፋል። ከገበያ ሌላ ቤጎኒያ ሊገዛ ይችላል፤ ከእናት ቤት የመጣው ግን አይገዛም።

2. የአዳማ አየርና የአዳማ ውኃ

አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ነፋስ የሚበዛባት ከተማ ናት። ነፋሱ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 የተጠናቀቁት 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ምስክር ናቸው። ለኤሌክትሪክ ሲሳይ የሆነው ይህ ደረቅ ነፋስ በደን ጥላ ሥር ለተፈጠረ ተክል ግን ፈተና ነው።

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአየሩ ሙቀት 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም 30 በመቶ ሲሆን፣ አየሩ ለመጥገብ የሚጎድለው የእንፋሎት ግፊት 2.65 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በ24 ዲግሪና በ90 በመቶ እርጥበት ይኸው ጉድለት ወደ 0.30 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። አየሩ ከቅጠሉ ውኃ የሚስብበት ኃይል በመጀመሪያው ሁኔታ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ሥር ያለው ተክል ይህን በመጠኑ ሊቋቋም ይችላል፤ ተቆርጦ ሥር ያላወጣ ቁራጭ ግን የሚወጣበትን ውኃ የሚተካበት መንገድ ስለሌለው በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። ቁራጩን በላስቲክ መሸፈን የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆው የሚገኙ ብዙ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ሶዲየም ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ይሰጣሉ። በወንጂ አካባቢ በሰው ጥርስና አጥንት ላይ የታየው የፍሎራይድ ጉዳት ለረጅም ዘመን የተጠና ነው። የአዳማ ከተማ ከአዋሽ ወንዝ የተጣራ ውኃ በመጠቀሟ ከዚህ ችግር በመጠኑ ብትርቅም፣ ማንኛውም የቧንቧ ውኃ የሟሟ ጨው አለበት። ቤጎኒያ ጥቂት አሲድነት ያለው አፈር ይወዳል። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ዘወትር ሲፈስበት የአፈሩ አሲድነት ይጠፋል፤ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር በአፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም፤ አዲሱ ቅጠልም ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ መካከሉ ቢጫ ይሆናል።

የጨው ክምችቱን ማስላት ቀላል ነው። አንድ ተክል በሳምንት ሁለት ጊዜ ሩብ ሩብ ሊትር ቢጠጣ በዓመት 26 ሊትር ይሆናል። ውኃው በሊትር 400 ሚሊ ግራም የሟሟ ጨው ቢኖረው፣ በዓመት 10.4 ግራም፣ በአምስት ዓመት 52 ግራም ጨው ወደ ጣሳው ይገባል። ይህ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ጨው ያህል ነው። ጣሳው ከታች ካልተበሳ፣ ተክሉ ከሚወስደው ጥቂት በስተቀር የሚወጣበት መንገድ የለም። በአፈሩ ገጽ ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የዚህ ሒሳብ ውጤት ነው። ጨው የበዛበት አፈር እርጥብ ቢሆን እንኳ ሥሩ ውኃ ለመሳብ ይቸገራል። ተክሉ በውኃ መካከል ይጠማል፤ ጠማው ተብሎ ሲጨመርለትም ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

3. እርጅና የሚባለው ምንድር ነው?

ሰው ያረጃል ሲባል የሚታሰበው መላ አካሉ ነው። ተክል ግን እንዲህ አይደለም። የአንድ ሜትር ቤጎኒያ ታችኛው ግንድ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነውም፣ ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቲሹ የሳምንታት ዕድሜ ብቻ ያለው ነው። ያረጀው መሠረቱ ነው፤ የደከመውም በጨው፣ በጠጠረ አፈርና በብርሃን እጦት ነው። ከዚህ የተነሣ ጫፉ ከመሠረቱ ተለይቶ አዲስ ሥር ካበጀ እንደ አዲስ ተክል ይኖራል።

ግንዱ ራቁቱን የሚቀርበትና ወደ ላይ ብቻ የሚመዘዝበት ምክንያትም የታወቀ ነው። በግንዱ ጫፍ የሚዘጋጅ ኦክሲን የተባለ የዕድገት ሆርሞን ወደ ታች እየወረደ በየአንጓው ያሉትን ዐይኖች እንዳያቆጠቁጡ ያግዳቸዋል። ሆርሞኑ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው ፍሪትስ ቬንት የተባለ የሆላንድ ተመራማሪ ሲሆን፣ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጫፉ ሲቆረጥ እገዳው ይነሣል፤ የታችኞቹ ዐይኖችም ይነቃሉ።

የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ሥራ ያወቀው ከቤተ ሙከራው አስቀድሞ ነው። በደቡብ አገር የእንሰት አልሚዎች ግንዱን ከሥሩ ላይ ቆርጠው፣ የመካከሉን የዕድገት ዐይን ጎርጉረው አውጥተው አሚቾውን ይቀብሩታል። ወራት ቆይቶም ከአንዱ አሚቾ በደርዘን የሚቆጠር ችግኝ ይፈልቃል። ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚርቀው በወንጂ ማሳም አገዳ የሚተከለው በዘር ሳይሆን ሁለት ሦስት ዐይን ባለው ቁራጭ ነው። በቆቃ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎችም ሥር ያላወጡ የአበባ ቁራጮችን ቆርጠው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ። በሼዱ መስኮት ላይ ላለው ቤጎኒያ የሚያስፈልገው ዕውቀት እንግዲህ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም።

4. መጀመሪያ ምትክ፣ ቀጥሎ ጥገና

ያረጀ ተክል ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው ወደ ትልቅ ጣሳ ለማዛወርና ማዳበሪያ ለመጨመር ነው። ይህ ስሕተት ነው። የደከመ ሥር ሲነቀል ይበጠሳል፤ በትልቅ ጣሳ የሚቆየው ትርፍ ውኃ ያበሰብሰዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በትንሽ ጣሳ ውስጥ ቢጨመር ያለውን ጨው አባብሶ የቀረውን ሥር ሊያቃጥል ይችላል። ምትክ ሳይዝ የሚሠራውን ብቸኛ ፓምፕ የሚፈታ መካኒክ የለም፤ በዚህም ሥራ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። አስቀድሞ ከጫፉ ቁራጭ ተወስዶ ሥር እንዲያወጣ ይደረጋል፤ አሮጌው መሠረት የሚነካው ቁራጮቹ መያዛቸው ከታወቀ በኋላ ነው።

ለሥራው የሚስማማው ወቅት አየሩ በራሱ እርጥብ የሚሆንበት ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው የክረምት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ግንዱ ከታች መለስለስና መጥቆር ከጀመረ ወቅት መጠበቅ አይገባም፤ ከጤነኛው ክፍል ወዲያውኑ ይቆረጣል።

ቁራጮቹ ሥር ካወጡ በኋላ የአሮጌው ተክል ጥገና እንደሚከተለው ይከናወናል። ጣሳው ከታች ካልተበሳ ይበሳል። የጣሳውን ይዘት ሁለት እጥፍ የሚያህል የዝናብ ውኃ ቀስ በቀስ ይፈስበትና ጨዉ ታጥቦ እንዲወጣ ይደረጋል። ከግንዶቹ ግማሾቹ ከአፈሩ በላይ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ቀርቷቸው ይቆረጣሉ፤ የቀሩት ግማሾቹ ቅጠላቸው ምግብ እያዘጋጀ እንዲቆይ ለጊዜው ይተዋሉ። አዲስ ቡቃያ ከታች ሲታይ የቀሩትም በተራቸው ይቆረጣሉ። ከዚያም ተክሉ ከጣሳው ወጥቶ የሞተው ቡናማ ሥር ይወገዳል፤ የተረፈውም በልኩ በሆነ ሸክላ በአዲስ አፈር ይተከላል።

ለአፈሩ ዝግጅት አዳማ የታደለች ናት። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ፑሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለብሎኬት ሥራ የሚውል በመሆኑ ለዚህ ማኅበር አባላት እንግዳ አይደለም። ቀዳዳማነቱ ለብሎኬት ቅለት እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ለሥርም ውኃና አየር በአንድነት ይይዛል። ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያለው ተነፍቶ አቧራው በውኃ ይታጠባል። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ ቀላል አፈር ሲደባለቅ ለአገዳማው ቤጎኒያ የሚስማማ ይሆናል።

5. የማባዛቱ ሥራ

መቁረጫው ስለታም ምላጭ ሆኖ በአልኮል ይጠረጋል፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍም እንደገና ይጠረጋል። ቤጎኒያን የሚያጠቃ የቅጠል ነጠብጣብ ባክቴሪያ በምላጭና በውኃ ጠብታ ይተላለፋልና ይህ ጥንቃቄ አይዘለልም። አሮጌ ጣሳም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይታጠብበታል።

ከአገዳማው ቤጎኒያ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ከአንጓ ሥር ይቆረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎችና አበባው በሙሉ ይነሣሉ፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። አበባ ያወጣ አንጓ የሚያቆጠቁጥ ዐይን ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያሉ አንጓዎች ብቻ ያሉት ቁራጭ ሥር ያወጣል፤ ወራትም ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ ነገር ግን አዲስ ግንድ ሳይሰጥ ይሞታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ አንድ አበባ ያላወጣ አንጓ፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ ትንሽ ዐይን ያለው መሆኑን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የአገዳማው ቤጎኒያ ቅጠል ብቻውን ቢተከልም ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ቁራጩ በታጠበ እርጥብ ፑሚስ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አንጓው ተቀብሮ ይተከላል። በላዩም በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውኃ ፕላስቲክ ታችኛው ክፍሉ ተቆርጦ ይደፋበታል፤ ክዳኑ በቀን ለጥቂት ጊዜ እየተከፈተ አየር ይለወጣል። ቦታው ብርሃን የሞላበት፣ ነገር ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማይመታው ይሁን፤ ፀሐይ ያገኘው ፕላስቲክ በደቂቃዎች ውስጥ ምድጃ ይሆናል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሲሆን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይወጣል። ቁራጩን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ማኖርም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በውኃ ውስጥ የወጣ ሥር ተሰባሪ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንደደረሰ ወደ አፈር ይዛወራል።

ቤጎኒያ ሬክስ ግን ከአንድ ቅጠል ይባዛል። ቅጠሉ በጀርባው ዋና ዋና ጅማቶቹ ላይ በምላጭ ይጫራል፤ በእርጥብ ፑሚስ ላይ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋል፤ በትናንሽ ጠጠር ተጭኖም ይሸፈናል። ከቅጠሉ የላይኛ ሽፋን የሚገኙ ጥቂት ሕዋሳት እንደገና መከፋፈል ይጀምሩና፣ ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ በየጅማቱ ቁስል ላይ ትናንሽ ሙሉ ተክሎች ይታያሉ።

አዲሶቹ ተክሎች ቡቃያ እስኪያወጡ ድረስ ማዳበሪያ አይሰጣቸውም፤ ከዚያ በኋላም በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡ ይበቃል። የአፈሩ ገጽ በጣት ሲነካ ደርቆ ካልተገኘ ውኃ አይጠጡም። ውኃውን በተመለከተ፣ አሥር ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በአሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 100 ሊትር ይሰጣል። ከዚህ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ የቀረው ለሦስት ተክሎች ዓመት ሙሉ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውኃ ጣሪያውን ያጠበ ስለሆነ ይደፋል። በመጨረሻም የቤጎኒያ ግንድና ቅጠል ኦክሳሌት ስላለበት አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ተቆርጦ የሚወድቀው ትርፍ ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት መራቅ አለበት።

መደምደሚያ

በመጀመሪያ ወደ ታሰበው ሼድ እንመለስ። በመስኮቱ ላይ ያለው ተክል አራት ግንድ ቢኖረውና ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቁራጭ ቢወሰድ ስምንት ይሆናል። ግማሹ ቢጠፋ አራት ይተርፋል። አንዱ በዚያው መስኮት ይቀመጥ፤ አንዱ ዘበኛው ወደ ቤታቸው ይውሰዱት፤ አንዱ በሌላ ሼድ ላለ ባልደረባ ይሰጥ። አራተኛው ለሠራተኛዪቱ ነው፤ አድራሻዋን የሚያውቅ የሥራ ጓደኛ አይጠፋም፤ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ቁራጭም የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ይችላል። የእናቷ ቤት ተክል ደርቆ ቢሆን፣ ያ ቁራጭ ወደ ወጣበት ቤት የሚመለስበት መንገድ ይህ ብቻ ነው።

በአንድ መስኮት የሚገኝ ብቸኛ ተክል፣ ጠባቂው የቱንም ያህል ቢተጋ፣ የአንድ ሳምንት ዝንጋታ ያጠፋዋል። በአራት ቤት የሚገኝ ግን የአንዱ ቤት ዝንጋታ አያጠፋውም። ስለዚህ ያረጀ ቤጎኒያ ያለው ሰው ጫፉን ለመቁረጥ አይሳሳ፤ የቆረጠውንም ሁሉ ለራሱ አያስቀር። የፋብሪካው ሥራ ሊቆም፣ ሼዱም ሊዘጋ ይችላል። የመስኮቱን ጣሳ አይቶ ከመሄድ በፊት አንዲት አንጓ መቁረጥ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።